መሬት ጦም አሳድሮ ኪራይ መቀበል፦ አሜሪካ ውስጥ የእርሻ መሬት ላላቸው የአፈር ጥበቃ ክፍያ ዝርዝር መመሪያ

ከዴንቨር አራት ሰዓት ተኩል ያህል ነድተን፣ ደቡብ ምሥራቅ ኮሎራዶ፣ ባካ ካውንቲ የገዛነው መሬት ላይ ስንደርስ፣ ከአራታችን በዕድሜ የሚበልጡት፣ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው ሰው ከመኪናው ወርደው የደረቀውን ሣር በጫማቸው ጫፍ ገፋ ገፋ አደረጉት። አንድ ዛፍ የለም። ሣርና ነፋስ ብቻ። «ይሄ ሁሉ መሬት ጦሙን ያድራል?» አሉኝ። ተወልደው ያደጉት ጎጃም ነው። ለእሳቸው መሬት ጦም ካደረ ባለቤቱ ወይ ታሟል፣ ወይ በሬው ሞቶበታል። «ጦሙን እንዲያድር ነው እኮ መንግሥት የሚከፍለን» ስላቸው የቀለድኩ መስሏቸው ሳቁ።

አልቀለድኩም። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት አፈሩ በቀላሉ የሚሸረሸርን መሬት ከባለቤቱ ይከራያል። ባለቤቱ ማረሱን ትቶ ሣር ወይም ዛፍ ያለብሰዋል፣ ለ10 ወይም ለ15 ዓመት አይነካውም፣ በየዓመቱም የኤከር ኪራይ ይቀበላል። ይህ መመሪያ አሜሪካ ውስጥ የእርሻ መሬት ለገዛችሁ፣ ልትገዙ ላሰባችሁ ወይም ከትዳር ጓደኛ ቤተሰብ ለወረሳችሁ ነው። ምሳሌዬ ደቡብ ምሥራቅ ኮሎራዶ ነው፤ በእጄ የነካሁት እሱን ስለሆነ። ሕጉ ግን ፌዴራል ነውና ሚኒሶታም ሆነ ሜሪላንድ ይሠራል። የሚለያየው የኪራዩ መጠን፣ የሣሩ ዓይነትና የቀኖቹ ጉዳይ ነው።

የምታከራዩት ምን እንደሆነ እወቁ

አብዛኛው ሰው ይህን ገንዘብ እርዳታ ወይም ስጦታ አድርጎ ያየዋል፤ ብዙ ስህተትም ከዚያ ይጀምራል። ነገሩ የኪራይ ውል ነው። ተከራዩ መንግሥት ነው፤ የተከራየው ደግሞ አለማረሳችሁን ነው። ስለዚህ ሁሌም ወረቀቱ ከማረሻው፣ ከማጨጃውና ከዘሩ ይቀድማል። ቅደም ተከተሉን የሳተ ሰው መሬቱን የቱንም ያህል ቢንከባከብ ክፍያ ያጣል።

ባካ ካውንቲ ይህ ፖሊሲ ለምን እንደተወለደ በዓይን የሚታይበት ቦታ ነው። በ1930ዎቹ ድርቁ ሲመጣ ለስንዴ የተገለበጠው ደረቅ ሜዳ አፈሩን ለነፋስ ሰጠ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 14 ቀን 1935 «ጥቁሩ እሑድ» የተባለው የአቧራ ማዕበል አካባቢውን በቀን አጨለመው። በዚያው ወር ኮንግረስ የአፈር ጥበቃ ሕግ አወጣ፤ ዛሬ ኤን-አር-ሲ-ኤስ የምንለው የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ አገልግሎት የተወለደው ከዚያ ነው። መንግሥት ከተጎዱ ገበሬዎች የገዛው መሬትም ዛሬ ኮማንቼ ብሔራዊ የሣር ምድር ሆኖ እዚያው ካውንቲ ውስጥ ይገኛል። አሁን የምናወራው የኪራይ ፕሮግራም፣ በአጭሩ ሲ-አር-ፒ፣ የመጣው በ1985ቱ የእርሻ ሕግ ነው።

ሲ-አር-ፒን የሚያስተዳድረው ኤፍ-ኤስ-ኤ የሚባለው የእርሻ አገልግሎት ኤጀንሲ ነው። ከሱ ጎን፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ጣሪያ ሥር፣ ኤን-አር-ሲ-ኤስ ይሠራል። እሱ ዘንድ ሁለት ሌሎች ፕሮግራሞች አሉ፦ ማረሳቸውን ለማይተዉ ሰዎች የጥበቃ ሥራ ወጪ የሚጋራው ኢክዊፕ፣ እና ቀድሞም መሬቱን በደንብ ለሚይዝ ገበሬ በአምስት ዓመት ውል የሚከፍለው ሲ-ኤስ-ፒ። ወደ ኢክዊፕ ኋላ እመለስበታለሁ፤ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ጎመንና ቃሪያ ለሚያለሙ ወገኖች ከሲ-አር-ፒ ይልቅ የሚጠቅመው እሱ ነው።

አንደኛ፦ ከመግዛታችሁ በፊት ውሉን እዩ

«የሲ-አር-ፒ ገቢ አለው» ተብሎ የሚሸጥ መሬት ሞልቷል። ደላላው ዓመታዊውን ክፍያ በትልቁ ይጽፋል፤ ውሉ መቼ እንደሚያልቅ ግን አይጽፍም። እኛም 160 ኤከሩን ስንገዛ (በአገራችን ቋንቋ አንድ ጋሻ ተኩል ግድም ነው) 95ቱ ኤከር በውል ሥር እንደሆነ ተነግሮናል፣ የቀረው ዕድሜ ሁለት ዓመት መሆኑን ግን ያወቅነው ገንዘቡን ከከፈልን በኋላ ነው።

ስለዚህ ከሻጩ ሁለት ወረቀት ጠይቁ። አንዱ ሲ-አር-ፒ-1 የሚባለው ውል ነው፤ የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ቀን፣ የኤከሩ ብዛት፣ የአንዱ ኤከር ኪራይ ሁሉም አንድ ገጽ ላይ አሉ። ሁለተኛው የጥበቃ ዕቅዱ ነው፤ ምን ሣር እንደተዘራ፣ ባለቤቱ በየጊዜው ምን የመሥራት ግዴታ እንዳለበት ይዘረዝራል። ይህንን ሁለተኛውን ያላነበበ ገዢ የማያውቀውን ዕዳ ነው የሚገዛው። በሽያጭ ውላችሁ ላይ ደግሞ የመጪው ኦክቶበር ክፍያ የማን እንደሆነ አስጽፉ።

ውል ያለበት መሬት ከገዛችሁ በ60 ቀን ውስጥ ኤፍ-ኤስ-ኤ ቢሮ ሄዳችሁ ውሉን በስማችሁ ማዞር አለባችሁ። ካላዞራችሁ ውሉ ይፈርሳል፤ ሻጩም እስከዚያ የተቀበለውን ሁሉ ከነወለዱ እንዲመልስ ይጠየቃል። ከዚያ በኋላ ሻጩ ማንን እንደሚከስ መገመት አያዳግትም።

ውል የሌለበትን መሬት ገዝቶ ወዲያው ሲ-አር-ፒ ውስጥ ማስገባት ደግሞ አይቻልም። በመሠረቱ መሬቱ ቢያንስ 12 ወር በእጃችሁ መቆየት አለበት። ባለቤቱ ሞቶ በውርስ የመጣ መሬት ከዚህ ነፃ ነው።

ሁለተኛ፦ ማን እንደምትሆኑ ወስኑ

እንደ እኛ ለአራት ተዋጥቶ መግዛት የተለመደ ነው፤ እቁብ ላደግንበት ሰዎች ነገሩ አዲስ አይደለም። ኤፍ-ኤስ-ኤ ግን ከእያንዳንዱ ገንዘብ ጀርባ ያለውን ሰው ማወቅ ይፈልጋል። በኤል-ኤል-ሲ (ኃላፊነቱ በተወሰነ ድርጅት) ከገዛችሁ የአባላቱ ስምና ድርሻ በሲሲሲ-901 ፎርም ይሞላል። እያንዳንዱ አባል የሦስት ዓመት አማካይ ገቢው ከ900,000 ዶላር እንደማይበልጥ በሲሲሲ-941 ያረጋግጣል። (ጋሼ ይህን ፎርም ሲፈርሙ «ከበለጠስ ምን ያደርጉኛል?» ብለው ቢሮውን በሳቅ ሞሉት።) ለአንድ ሰው በዓመት የሚፈቀደው የሲ-አር-ፒ ኪራይ ጣሪያ 50,000 ዶላር ነው፤ ለአብዛኞቻችን የሚያሳስብ አይደለም።

የሚያሳስበው ዜግነት ነው። ዜጋ ከሆናችሁ ወይም ግሪን ካርድ ካላችሁ ችግር የለም። ነገር ግን አዲስ አበባ ወይም ዱባይ ያለ ወንድም ገንዘብ ጨምሮ ኤል-ኤል-ሲው ውስጥ ከ10 በመቶ በላይ ድርሻ ከያዘ፣ ድርጅቱ በሙሉ እንደ ውጭ ሰው ይቆጠርና ክፍያው ሊታገድ ይችላል። ሌላም አለ። በ1978ቱ ሕግ መሠረት የውጭ ሰው የእርሻ መሬት ሲገዛ በ90 ቀን ውስጥ ኤፍ-ኤስ-ኤ-153 በሚባል ፎርም ማሳወቅ ግዴታው ነው፤ ያላሳወቀ ሰው ቅጣቱ እስከ መሬቱ ዋጋ 25 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ወንድማችሁን መጥቀም ከፈለጋችሁ ገንዘቡን በብድር ውል መያዝ ይሻላል ወይስ አይሻልም የሚለውን ከመግዛታችሁ በፊት ከጠበቃ ጋር ተነጋገሩ፤ ከገዛችሁ በኋላ ዘግይታችኋል።

ከባለቤቶቹ አንዱ ለረጅም ጊዜ አገር ቤት የሚሄድ ከሆነም ኤፍ-ኤስ-ኤ-211 የሚባለውን የራሳቸውን የውክልና ፎርም ሞልቶ ይሂድ። ሲ-አር-ፒ ውል ሁሉም ባለቤቶች ይፈርሙበታል። የአንድ ሰው ፊርማ ጠፍቶ የማመልከቻው በር ሲዘጋ ማየት ያሳዝናል።

ሦስተኛ፦ ቢሮ ሄዳችሁ መሬታችሁን አስመዝግቡ

የእርሻ ሚኒስቴሩ (ዩኤስዲኤ) የአገልግሎት ማዕከል በአብዛኛው ገጠር ካውንቲ አለ፤ የባካው ስፕሪንግፊልድ ከተማ ነው። ሳትደውሉ አትሂዱ፤ ሠራተኛው ጥቂት ነው፣ የእናንተን ፋይል የያዘችው ሴት ማሳ ለመለካት ወጥታ ይሆናል። ስትሄዱ ካውንቲ ጸሐፊው ዘንድ የተመዘገበውን የባለቤትነት ሰነድ (ዲድ)፣ መታወቂያ፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ወይም የድርጅቱን የታክስ ቁጥር፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ያዙ። በኤል-ኤል-ሲ ከሆነ ማን የመፈረም ሥልጣን እንዳለው የሚያሳየውን ሰነድ ጨምሩ።

እዚያ ሦስት ቁጥሮች ይሰጧችኋል፦ የእርሻ ቁጥር፣ የትራክት (የአንድ ወጥ ቁራሽ መሬት) ቁጥር፣ የማሳ ቁጥር። ከአየር በተነሣው ፎቶ ካርታ ላይ እያንዳንዱ ማሳ በመስመር ተከልሎ ቁጥርና የኤከር ስፋት ተጽፎበታል። ይህን ካርታ ጠይቁና አንድ ቅጂ ቤታችሁ አስቀምጡ። የገዛችሁት ከትልቅ እርሻ የተቆረሰ ከሆነ መዝገቡን የመክፈል ሥራ አለ፤ ጊዜ ይወስዳልና ማመልከቻ ሊዘጋ ሳምንት ሲቀረው አትጀምሩት።

ከፎርሞቹ ሁሉ በጥሞና ማንበብ ያለባችሁ ኤዲ-1026ን ነው። እሱን ስትፈርሙ በቀላሉ የሚሸረሸር መሬትን ያለ ጥበቃ ዕቅድ እንደማታርሱ፣ ረግረግን አድርቃችሁ እንደማትዘሩ ቃል እየገባችሁ ነው። ቃሉ ለተመዘገበችው ማሳ ብቻ አይደለም፤ በስማችሁ ላለ መሬት ሁሉ ነው።

አራተኛ፦ መሬቱ ይገባል ወይስ አይገባም

ለመደበኛው ሲ-አር-ፒ መሬቱ ታራሽ መሆን አለበት። በ2018ቱ የእርሻ ሕግ መሠረት ከ2012 እስከ 2017 ካሉት ስድስት ዓመታት ቢያንስ በአራቱ ሰብል የተዘራበት፣ አሁንም ሊታረስ የሚችል መሆን ይገባዋል። በሲ-አር-ፒ ውል ሥር የቆየ መሬት እንደተዘራ ይቆጠራል። ከዚህ በላይ መሬቱ በመሸርሸር ተጋላጭነቱ፣ ወይም ውሉ ሊያልቅ በመሆኑ፣ ወይም ቅድሚያ በተሰጠው አካባቢ በመገኘቱ መመዘኛውን ማሟላት አለበት። ሁልጊዜ ግጦሽ ሆኖ የቆየ መሬት እዚህ አይገባም፤ ለሱ ከብት እየጋጠበት የሚቀጥል የሣር ምድር ሲ-አር-ፒ የሚባል ሌላ በር አለው፣ ክፍያው አነስ ይላል።

መሬቱን የተከራየ ገበሬ ካለ ተጠንቀቁ። ሲ-አር-ፒ ለማስገባት ብሎ ተከራይን ማባረር ክልክል ነው። ከእኛ 140 ታራሽ ኤከር 45ቱን ስንዴ የሚዘራበት ጎረቤት ነበር። የሰውየው ውል እስኪያልቅ ጠብቀን፣ እንደማይቃወምም በጽሑፍ ሰጥቶን ነው የገባነው። ባለቤትና አራሽ ኪራዩን በድርሻ ተካፍለው አብረው መፈረምም ይችላሉ።

አምስተኛ፦ ማቅረብና መወዳደር

ሁለት መግቢያ አለ። አጠቃላዩ ምዝገባ በተወሰነ ጊዜ የሚከፈት፣ መላው አገር የሚወዳደርበት ነው። ተከታታዩ ምዝገባ ደግሞ ያለ ውድድር ነው፤ ለወንዝ ዳር ሣር ቀበቶ፣ ለውሃ መውረጃ፣ ለረግረግ ማገገሚያ ለመሳሰሉ ትናንሽ ግን ጥቅማቸው ከፍተኛ ለሆኑ ቁራሾች። መሬታችሁ ውስጥ ወንዝ ወይም ጅረት ካለ መጀመሪያ ስለ ተከታታዩ ጠይቁ፤ የመፈረሚያ ማበረታቻ ክፍያም አለው። የ2018ቱ ሕግ ጊዜው ካለፈ ወዲህ በአንድ አንድ ዓመት ማራዘሚያ እየኖረ ስለሆነ ምዝገባው የሚከፈትበትን ቀን ካለፈው ዓመት ተነሥታችሁ አትገምቱ። ደውሉ።

በአጠቃላዩ ምዝገባ ማመልከቻችሁ በነጥብ ይመዘናል። የዱር እንስሳት መጠለያ፣ የውሃ ንጽሕና፣ የአፈር መሸርሸር፣ ጥቅሙ ከውሉ በኋላ መቆየቱ፣ የአየር ጥራት፣ በመጨረሻም ወጪው። የአፈሩን ዓይነት መቀየር አትችሉም፤ በእጃችሁ ያሉት ሁለት ናቸው። አንዱ የዘር ድብልቁ ነው። አንድ ዓይነት መጤ ሣር ከመዝራት የአገሬው ሣሮችና አበባ ያላቸው ተክሎች ተቀላቅለው ቢዘሩ ነጥብ ይጨምራል። ሁለተኛው ዋጋው ነው፤ ከተፈቀደላችሁ ጣሪያ ዝቅ አድርጋችሁ ከጠየቃችሁ ነጥባችሁ ከፍ ይላል። ጨረታ ነው፣ ግን የሚያሸንፈው ዝቅ ያለው ነው።

ጣሪያው እንዴት ይሰላል? ቢሮው የማሳውን ሦስት ዋና ዋና የአፈር ዓይነቶች ወስዶ በካውንቲው የኪራይ ተመን ያባዛል፤ ለአጠቃላይ ምዝገባ 85 በመቶው፣ ለተከታታይ 90 በመቶው ይሰጣል። ለምሳሌ ተመኑ በኤከር 33 ዶላር ቢሆን 85 በመቶው 28 ዶላር ከ5 ሳንቲም ነው፤ በ140 ኤከር ስታባዙት በዓመት 3,927 ዶላር። ደረቅ ምሥራቅ ኮሎራዶ እንዲህ ነው። አዮዋ ላይ በኤከር ከ200 ዶላር በላይ የሚከፈልበት ማሳ ሞልቷል፤ ግን እዚያ መሬቱን ለመግዛት የሚወጣውን ገንዘብም አስቡት። በባንክ ብድር ተገዝቶ በሲ-አር-ፒ ኪራይ ብቻ የሚከፈል መሬት እስካሁን አላየሁም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፦ በአንድ ካውንቲ ከታራሹ መሬት ከ25 በመቶ በላይ በመደበኛነት ውስጥ አይገባም። ብዙ መሬት በገባበት ካውንቲ ይህን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ስድስተኛ፦ ማመልከቻችሁ ካለፈ፣ ሣሩ እስኪይዝ

ማለፋችሁ ከተነገራችሁ በኋላ ኤን-አር-ሲ-ኤስ ባለሙያ ይመጣና የጥበቃ ዕቅዱን ያወጣል። ዕቅዱ ሳይፈረም፣ ውሉም ሳይጸድቅ ዘር አትግዙ፣ ትራክተርም አትከራዩ። ለማልበሻው ወጪ መንግሥት እስከ 50 በመቶ ይጋራል፤ ከፊርማው በፊት የወጣ ገንዘብ ግን አይታይም።

አሁን ማንም ያልነገረንን ልንገራችሁ። እኛ አገር ዘር ማለት ለስላሳ ሆኖ በታረሰ መሬት ላይ የሚበተን ነው። ባካ ላይ እንዲህ ብታደርጉ ነፋሱ ዘሩንም አፈሩንም ኦክላሆማ ያደርስላችኋል። ስለዚህ መጀመሪያ የምትዘሩት ሣር አይደለም፤ ማሽላ ነው። ማሽላው በበጋ ይበቅላል፣ ፍሬ ሳይዝ ይቆረጣል፣ አገዳው እንደቆመ ይቀራል። ክረምቱን አፈሩን የሚይዘው ያ የቆመ አገዳ ነው። በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ሣሩ በአገዳው መካከል በልዩ መዝሪያ ማሽን ይገባል፤ ጥልቀቱ ከጥፍር እምብዛም አይበልጥም። ብሉ ግራማ፣ ሳይድ-ኦትስ ግራማ፣ ዌስተርን ዊትግራስ የሚባሉት የዚያ ምድር ተወላጆች ናቸው። የብሉ ግራማ ዘር እንደ ጤፍ ያህል ደቃቅ ነው፤ ጋሼ መዳፋቸው ላይ አድርገው ሲያዩት ለመጀመሪያ ጊዜ ያ መሬት የገባቸው መሰለኝ።

የዘሩን ከረጢት ስትከፍቱ የተሰፋበትን ምልክት ወረቀት አትጣሉ። የንጹሕና የሕያው ዘሩ መጠን የተጻፈው እሱ ላይ ነው፤ ቢሮው ሒሳብ ሲከፍል ደረሰኙን ብቻ ሳይሆን ያንን ወረቀት ይጠይቃል። እኛ አሥራ አንዱን አስቀምጠን አንዱን ነፋስ ወሰደው፤ ለአንዱ ከረጢት ሻጩ ዘንድ ሦስት ጊዜ ደውለናል።

በመጀመሪያው ዓመት ሣር ካላያችሁ አትደንግጡ። የምታዩት አረም ነው። የአገሬው ሣር መጀመሪያ ወደ ታች ነው የሚያድገው። በሁለተኛው ዓመት ባለሙያው መጥቶ በካሬ ጫማ ስንት ቡቃያ እንዳለ ይቆጥራል። ካልበቃ ዳግመኛ ትዘራላችሁ፤ ስለዚህ ለሁለተኛ ዘር የሚሆን ገንዘብ ከመጀመሪያው ያዙ።

ሰባተኛ፦ ከውሉ ጋር መኖር

እኔ የተቀጣሁት እዚህ ላይ ነው። መሬቱን በገዛን በመጀመሪያው ሜይ ወር ሣሩ ደርቆ፣ አረም ገብቶበት የተተወ ቤት መስሎ አገኘሁት። ባለቤት እንዳለው ይታይ ብዬ የመንገድ ዳሩን 12 ኤከር ያህል አሳጨድኩ። ሥራው ሲያልቅ አንድ ጎረቤት ሽማግሌ ፒካፑን አቁሞ መስኮቱን ዝቅ አደረገና ወፎቹ እንቁላል ላይ መሆናቸውን እንደማውቅ ጠየቀኝ። አላውቅም ነበር። ኮሎራዶ ላይ ከማርች አጋማሽ እስከ ጁላይ አጋማሽ ድረስ ወፍ የሚፈለፍልበት ጊዜ ነውና ሲ-አር-ፒ ሣር አይታጨድም። የጥበቃ ዕቅዱ አራተኛ ገጽ ላይ ተጽፏል፤ እኔ እስከ ሁለተኛው ነበር ያነበብኩት። በዚያው ሳምንት ራሴ ሄጄ ተናገርኩ፣ በጽሑፍም አስረዳሁ። ጉዳዩን ያየው የካውንቲው ኮሚቴ ነው፤ ኮሚቴው ገበሬዎች ራሳቸው የሚመርጧቸው ገበሬዎች ናቸው። ሆን ብዬ እንዳላደረግሁት ተቀብለው ውሉን አላፈረሱትም፤ ከዓመቱ ክፍያ ግን ቀነሱ። ጎረቤት ሳይጠቁም ራስን ማመልከት እንደሚረዳ ያኔ ነው ያየሁት።

አረም ካስቸገራችሁ ደውላችሁ ፈቃድ ጠይቁ፤ በተመረጡ ቦታዎች ላይ መርጨት ይፈቀዳል። ለከብት ማስጋጥ ወይም ድርቆሽ ማጨድ ከፈለጋችሁም የሚፈቀድበት ጊዜና ተራ አለ፤ በመደበኛው ፈቃድ የዓመቱ ኪራይ 25 በመቶ ይቀነሳል። ድርቅ ታውጆ በአስቸኳይ ሲፈቀድ ግን አይቀነስም።

በየዓመቱ እስከ ጁላይ 15 የኤከር ሪፖርት፣ ማለትም ኤፍ-ኤስ-ኤ-578ን መፈረም አለባችሁ። ምንም ባይለወጥም። ስልካችሁ ላይ ለአሥር ዓመት አስታዋሽ አድርጉት። በውሉ መካከል ደግሞ ሣሩን የማነቃቃት ሥራ፣ ለምሳሌ በዲስክ ቀለል አድርጎ መግመስ ወይም አዲስ ዘር መጨመር፣ ቢያንስ አንዴ ይጠበቅባችኋል።

ስምንተኛ፦ ገንዘቡና ግብሩ

ኪራዩ በዓመት አንዴ ከኦክቶበር 1 በኋላ በቀጥታ ባንክ ይገባል። በጃንዋሪ 1099-ጂ የሚባል ወረቀት ይመጣል። ገቢ ነው፤ ግብር አለው።

ዋናው ጥያቄ የራስ-ተቀጣሪ ግብር ይከፈልበታል ወይ ነው። የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ ወይም የአካል ጉዳት ክፍያ የሚቀበል ሰው ከዚህ ግብር ነፃ ነው፤ ጋሼ ነፃ ናቸው። ሌሎቻችን ግን በግብር ሰብሳቢው አቋም መሠረት ገበሬ ባንሆንም እንከፍላለን። በምሳሌው 3,927 ዶላር ላይ ይህ ብቻ ወደ 555 ዶላር ይሆናል። በ2014 አንድ የይግባኝ ፍርድ ቤት ገበሬ ላልሆነ ባለመሬት ወስኖ ነበር፤ ኮሎራዶ ግን በዚያ ፍርድ ቤት ሥር አይደለችም። የእርሻ ግብር የሚሠራ ባለሙያ ፈልጉ። የታክሲና የሱቅ ሒሳብ የሚሠራልን ወዳጃችን ጎበዝ ነው፣ ይህን ግን አያውቀውም።

የምትቀበሉት መጠን በስማችሁ ለሕዝብ ክፍት መሆኑንም እወቁ። ስምና ካውንቲ ጽፎ ማንም ሊያየው ይችላል። የእኛን ያየ አንድ ዘመድ «መንግሥት በዓመት ብር ያፈስላቸዋል» ብሎ ሲያወራ ከርሟል።

ማረሳችሁን ካልተዋችሁ

ሁለት ሦስት ኤከር ላይ አትክልት የምታለሙ ከሆነ ሲ-አር-ፒን እርሱት። ኤን-አር-ሲ-ኤስ ዘንድ ሄዳችሁ ኢክዊፕን ጠይቁ። ሃይ-ተነል የሚባለው የፕላስቲክ ቤት፣ የጠብታ መስኖ፣ መሸፈኛ ሰብል፣ አጥር በኢክዊፕ ይደገፋሉ። ክፍያው በተለምዶ ከወጪው እስከ 75 በመቶ ነው፤ እርሻ ከጀመራችሁ ከአሥር ዓመት ያልበለጣችሁ ከሆነ እስከ 90 በመቶ ይደርሳል፣ ግማሹንም በቅድሚያ መጠየቅ ይቻላል። ማመልከቻው ሲፒኤ-1200 ነው፤ የእርሻ ቁጥር ግን መጀመሪያ ከኤፍ-ኤስ-ኤ ታወጣላችሁ። እዚህም ውል ሳይፈረም ምሰሶ አትትከሉ።

ቢከለክሏችሁ፣ ብትወጡ፣ ቢያልቅ

ውሳኔ ካልተስማማችሁ ደብዳቤው በደረሳችሁ በ30 ቀን ውስጥ ይግባኝ በሉ። የካውንቲው ኮሚቴ ዳግም እንዲያይ፣ ከዚያ የስቴቱ፣ በመጨረሻም ብሔራዊ የይግባኝ ክፍሉ። የምትከራከሩት በወረቀት ነውና ለቢሮው የተናገራችሁትን ሁሉ በዚያው ቀን በኢሜይል ደግማችሁ ጻፉ።

ውሉን በመካከል ማፍረስ ውድ ነው። በምሳሌያችን አራት ዓመት ተቀብላችሁ ብትወጡ 15,708 ዶላሩን ከነወለዱ፣ የተጋሩላችሁን የዘር ወጪ፣ በዚያም ላይ የአንድ ዓመት ኪራይ 25 በመቶ፣ 982 ዶላር ያህል፣ ትመልሳላችሁ። መሬቱን ስትሸጡም ገዢው ውሉን እንደሚረከብ የሽያጩ ወረቀት ላይ አስፍሩ።

ውሉ ሊያልቅ ሁለት ዓመት ሲቀረው ቢሮ ሂዱ። ዳግመኛ ማቅረብ ይቻላል፤ እኛ 95ቱን ከ45ቱ ጋር አንድ ላይ ያስገባነው እንዲያ ነው። ወይም መሬቱን ዘመድ ላልሆነ ጀማሪ ገበሬ ለመሸጥ ወይም ለረጅም ጊዜ ለማከራየት ካሰባችሁ፣ ለባለመሬቱ እስከ ሁለት ተጨማሪ ዓመታዊ ክፍያ የሚሰጥ የማሸጋገሪያ ፕሮግራም አለ። ጋሼ አሁን ፎርሙን ይዘው የሚዞሩት ለዚህ ነው፤ ግሪሊ አካባቢ ፍየል የሚያረባ አንድ ልጅ አግኝተዋል።